ባለልኳንዳዋና የበቅሎው መንገድ

አርማን ቫላድ የሞተው ሽንት ቤት ተቀምጦ የስፖርት ጋዜጣ ሲያነብ ነው። ሙት መውቀሴ አይደለም፤ ሚስቱ ሶላንዥ ራሷ በቀብሩ ማግስት ልኳንዳዋን ከፍታ፣ ሽርጧን አሸርጣ፣ ለገባው ደንበኛ ሁሉ የነገረችው ይህንኑ ነው። «ሁለተኛውን ገጽ እንኳን አልገለጠም» ትላለች ቢላዋዋን እየሳለች። ደንበኛው ምን ብሎ እንደሚያጽናናት ግራ ይገባውና ግማሽ ኪሎ የጎድን ሥጋ ገዝቶ ይወጣል። በዚያ ሳምንት ገበያዋ ደርቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ የዕቃ መኪና በሯ ላይ ቆሞ ትልቅ ካርቶን አወረደ። ውስጡ ጎማው እንደ ቋሊማ የወፈረ ቀይ የተራራ ብስክሌት ነው። አርማን ከመሞቱ ከሦስት ሳምንት በፊት ለማንም ሳይተነፍስ አዝዞት ኖሯል። ሶላንዥ ሠላሳ አምስት ዓመት አብራው ስትኖር ሰውየው ብስክሌት እንደሚያምረው አንድ ቀን አልሰማችም። ሌላ ሴት ኖራው ቢሆን ይህን ያህል ባልተናደደች። «ሴት ብትሆን ማን እንደሆነች በአምስት ደቂቃ እደርስባት ነበር፤ እዚህ አገር ከኦዲል በቀር ማን ቀርቷል?» አለች። ኦዲል እኔ ነኝ። የሩፌዝ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ መንደሩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነዋሪ ብቻ ስላለው ጸሐፊውም፣ መዝገብ ቤቱም፣ አምፖል ቀያሪውም እኔው ነኝ።

ሻጩ የተሸጠ አይመለስም አለ። ብስክሌቱ የተሠራው ለአጭሩ አርማን ልክ ነው። ሶላንዥ ደግሞ ቁመቷ ከበሩ መቃን የሚተካከል፣ ግማሽ በሬ ብቻዋን ከመኪና አውርዳ መንጠቆ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። ልትሸጠው ብትሞክር የሚገዛት ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ሰኞ፣ ልኳንዳው በሚዘጋበት ቀን፣ እየገፋች ወደ መቃብር ቦታው ወሰደችው፤ ለአርማን አሳይታ ልትሰድበው። ያለችውን አልጽፈውም። በአጥሩ ማዶ አበባ ስታጠጣ የነበረች አሮጊት ሰምታ ሁለት ሳምንት ወደዚያ ዝር አላለችም።

መቃብሩ ከመንደሩ በላይ ነው። ስትመለስ መግፋቱ ሰለቻትና ተቀመጠችበት። ለመጨረሻ ጊዜ ብስክሌት የነዳችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነበር፤ የያኔው ብስክሌት ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲያዞሩት ይቆማል። ይኸኛው አይቆምም። በማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ሽው ስትል አየኋት፤ ቀሚሷ ተገልቦ፣ እግሯ ወደ ኋላ በኃይል እየዞረ፣ ፊቷ ላይ ከፍርሃት ይልቅ ግርምት እየታየ። አባ አናክሌ የቤተ ክርስቲያኑን በር ሲቆልፉ ነበርና ቁልፉን ጥለው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። በመጨረሻ ድሮ ሴቶች ልብስ ያጥቡበት የነበረው የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ገብታ ቆመች። ዳክዬዎቹ ለእሷ ቦታ ለቀው ወጡ።

ሮጬ ስደርስ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ተቀምጣለች።

«ኦዲል» አለችኝ፣ «የዚህ ነገር ፍሬኑ የት ነው?»

መሪው ላይ ያሉትን ሁለት እጀታዎች አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየቻቸውና መሳቅ ጀመረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ደግሞ ተመልሶ መጣ። እኔም የማደርገው ቢጠፋኝ ጫማዬን አውልቄ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞና እሁድ ከሰዓት ጫካ መግባት ጀመረች። ኮርቻውን የሚሸከመውን ዘንግ በረጅም አስቀየረች፤ ፍሬኑን ተማረች። ተፈጥሮ ወዳድ ሆነች ብላችሁ እንዳታስቡ። ሶላንዥ ዘንድ ዛፍ ማለት የማይበላ ነገር ነው፤ የወፍ ድምፅ ሲያስደስተን ብታይ ወፏ ስንት ግራም ሥጋ እንደሚወጣት ትነግረናለች። የምትወደው ቁልቁለቱን ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አንድ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ሰው ሁሉ «ትንሽ ስብ ይቀነስልኝ» ሲላት ኖራለች። ቁልቁለት ላይ ግን የሚጠይቃት የለም፤ ሌላ ነገር ካሰበች ዛፍ ይመታታል፤ ስለዚህ አታስብም። አርማንም ይህንኑ ፈልጎ ይሆናል ብላ አንድ ቀን ነግራኛለች።

ቀጥለው የገቡት አባ አናክሌ ናቸው። ከኮንጎ የመጡ ካህን ናቸው፤ ሀገረ ስብከቱ አሥራ አራት ቤተ ክርስቲያንና አንድ ግማሽ መኪና ሰጥቷቸዋል። መኪናው ከሦስት ቀን ሁለቱን አይነሳም። በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ሳሉ የብስክሌት እሽቅድምድም ተወዳዳሪ እንደነበሩ ማንም አያውቅም ነበር። አንድ አሮጌ ብስክሌት ከጎረቤት መንደር አግኝተው ሲመጡ፣ ሶላንዥን በመጀመሪያው ዳገት ጥለዋት ሄዱ፤ እሷም ከኋላቸው ሆና ትሕትና ስለሚባለው ነገር ሰበከቻቸው። እኔ ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ። ዘወትር የመጨረሻ ነኝ፤ ቅሬታም የለኝም።

ከምንሄድባቸው ሁሉ የምንመርጠው የበቅሎውን መንገድ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተነስቶ የበሉጥ ዛፎቹን ጫካ ሰንጥቆ ወደ ሉዛን ወንዝ ይወርዳል፤ ከበር በማይሰፋ የድንጋይ ድልድይ ይሻገርና ወንዙን ተከትሎ ወፍጮ ቤቱ ፍርስራሽ ድረስ አራት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በቀድሞ ዘመን እህል የጫኑ በቅሎዎች ይመላለሱበት ነበር። ግራና ቀኝ ያለው ጫካ የኤቫሪስት ቫላድ ነው፤ መሀሉ ላይ ያለችው ቀጭን መንገድ ብቻ የመንደሩ ናት።

ኤቫሪስት የአርማን ታላቅ ወንድም ነው፤ የቀድሞ አሳማ ነጋዴ፣ የዛሬ የአዳኞች ማኅበር ሊቀመንበር። ከሶላንዥ ጋር ዓይንና ናጫ የሆኑት በሠርጓ ቀን ነው። ለድግሱ አሳማውን ያቀረበው እሱ ነበር። ሙሽራዋ አንድ ጉርሻ ቀምሳ፣ ሰማንያ እንግዳ እየሰማ፣ «ይህ አሳማ የታረደ አይደለም፤ በእርጅና የሞተ ነው» አለች። እውነቷን ነበር፤ ክፋቱም ይኸው እውነት መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ በኤቫሪስት ንግድ የቀለደ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ገበያ በወጣ ቁጥር የአሳማውን ዕድሜ የሚጠይቀው አላጣም።

እንግዲህ በየካቲት ወር ኤቫሪስት መንገዱን ለመግዛት አመለከተ። ጫካውን ለሁለት ከፍሎብኛል፣ የሚሄድበትም የለም አለ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሰው የማይሄድበትን የመንደር መንገድ ምክር ቤቱ ለአዋሳኙ መሸጥ ይችላል፤ ሰው የሚሄድበትን ግን አይሸጥም። ከሽያጩ በፊት ከውጭ አንድ አጣሪ ይመጣል፣ ቦታውን ያያል፣ የነዋሪውን ቃል ይቀበላል።

ማስታወቂያውን የጻፍኩትም በር ላይ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ሶላንዥ አነበበችውና ገባች። ቢላዋ አልያዘችም፤ ሽርጧ ላይ ግን ደም ነበረበት። ከንቲባችን ዢልቤር ከእሷ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ፣ ሁሉንም ማስደሰት የሚወድ ሰው ነው።

«ያ መንገድ እኮ ሞቷል፣ ሶላንዥ» አላት። «የመጨረሻዋ በቅሎ ካለፈችበት ስድሳ ዓመት ሆነ።»

«እኔ ባለፈው እሁድ አልፌበታለሁ።»

«አንቺ አንድ ሰው ነሽ።»

«ሚዛን ላይ ልውጣና እንየው?»

ዢልቤር ሳቀ፤ ነገር ግን ከአሥራ አንዱ የምክር ቤት አባላት አራቱ አዳኞች መሆናቸውን አስታወሳት። እሷም መንገዱ ሰው ካነሰው ሰው ይበዛለታል ብላ ወጣች።

መጋቢትንና ሚያዝያን እንዳለ መንገዱን ስንመነጥር ከረምን። ሶላንዥ የአጥንት መጋዟንና ትልቁን መጥረቢያዋን ይዛ የእንጆሪውን እሾህ እንደ በግ ገፈፈችው። አባ አናክሌ የአርማንን የሞተር መጋዝ ያዙ፤ አማትበው ገመዱን ይስባሉ፣ ሞተሩ ግን የሚነሳው ሶላንዥ ስትሰድበው ነበር። እኔ ድንጋይ ለቀምኩ። ወሬው ሲሰማ ከአካባቢው መንደሮች የብስክሌት ሰዎች መምጣት ጀመሩ፤ አንድ እሁድ አሥራ ሰባት ቆጠርኩ። ሶላንዥ ድልድዩ ላይ ቋሊማ ትቆርስላቸዋለች፤ አባ ደግሞ ሲወድቁ ያነሷቸዋል።

ኤቫሪስት መጀመሪያ «አደን አለ፣ አይታለፍም» የሚል ሰሌዳ ተከለ። አለፍን። ቀጥሎ መንገዱ ውሃ በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ አንድ ጋሪ የአሳማ ፋንድያ አፈሰሰ፤ ዝናብ መታውና ኩሬ ሆነ። ሶላንዥ ጫፉ ላይ ቆማ አየችው፤ ዞር ብላ አየችን፤ ከዚያ መሀል ለመሀል ነዳችው። እንደዚያ እንደሆነች፣ ፊቷን እንኳን ሳትታጠብ፣ በቀጥታ ወደ መንደሩ መጠጥ ቤት ሄደች፤ እሁድ እሁድ አዳኞቹ ምሳ የሚበሉት እዚያ ነው። ከኤቫሪስት አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ስጦታህ ደርሶኛል አለችውና ሾርባ አዘዘች። ሾርባዋን ጨርሳ ስትነሳ ክፍሉ ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚበላ አልነበረም።

ከማግስቱ ጀምሮ ለኤቫሪስት የደም ቋሊማ መሸጥ አቆመች። በሃያ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ሌላ ልኳንዳ የለም፤ ሰውየው ደግሞ ያለዚያ ቋሊማ ሐሙስን የማይሻገር ነው። ሚስቱን ላከ፤ ሶላንዥ የሚስቱን ሆድ መጠን ስለምታውቅ የእሷን ድርሻ ብቻ መዝና ሰጠች። የአደን ጓደኞቹን ላከ፤ እነሱንም አወቀችባቸው። በላስቲክ የታሸገውን የፋብሪካ ቋሊማ መብላት ጀመረ ተባለ፤ በወሩ እሱ ከሳ፣ ውሻው ወፈረ።

እስከዚህ ድረስ ስናወራው የምንስቅበት ነገር ነው። የግንቦቱ ግን አያስቅም።

አጣሪዋ ልትመጣ ስምንት ቀን ሲቀራት ኤቫሪስት መንገዱን ከድልድዩ በላይ በቀጭን የበግ አጥር ሽቦ አጠረው። የሚያልፍ ሰው ከሌለ ሽቦው ሳይነካ ይቆያል፣ ያንን ለአጣሪዋ አሳያታለሁ ብሎ ነው ያሰበው። ሰው ከመጣ አይቶ እንዲቆም ነጭ ጨርቅ አስሮበታል። ጨርቁ ምን እንደነካው አናውቅም፤ ነፋስም ይሁን ሚዳቋ፣ እኛ ስንደርስ አልነበረም። ያን እሁድ ሶላንዥ አባን ስትተነኩሳቸው ነበር። ዳገት ማንም ይወጣል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ለነፍስዎ ይሳሳሉ፣ ገነት የሚባለውን ራስዎም አያምኑበትም አለቻቸው። አባም እስቲ እንተያይ ብለው ቀደሙን።

ስንደርስ ብስክሌቱ አንድ ወገን፣ እሳቸው ሌላ ወገን ናቸው። ሽቦው ከመሪው በታች ነው የያዛቸው። የትከሻቸው አጥንት ተሰብሯል፤ ራሳቸው ሄልሜቱን ሰንጥቆ ድንጋይ መትቷል፤ በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ፣ እኛን ግን አያውቁንም። በሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም። ሶላንዥ አጠገባቸው ተንበረከከች። ያቺ ግማሽ በሬ የምትሸከም ሴት እሳቸውን ለማንሳት አልደፈረችም፤ ለዚህ ያበቃኋቸው እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ትላለች ደጋግማ።

የሞተር ድምፅ ሰምቼ ወደ ላይ ሮጥኩ። ኤቫሪስት ነው፤ ጫካው ዳር በትራክተሩ እንጨት ይጭናል። ምን እንደሆነ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። እንጨቱን ገለበጠና ትራክተሩን ወደ በቅሎው መንገድ አስገባው፤ በሕይወቴ ጎማው ከገደሉ አፍ ያን ያህል ተጠግቶ ሲሄድ ያየሁት ትራክተር የለም። ቦታው ደርሶ ሽቦውን አየ። ሶላንዥም እሱን አየችው። ኮቱን አውልቆ ከአባ ስር አነጠፈ፤ ሁለቱ ተጋግዘው በቀስታ አንስተው ትራክተሩ አፈር በሚዝቅበት የፊት ማንኪያ ላይ አስተኟቸው። ኤቫሪስት እየነዳ፣ ሶላንዥ ራሳቸውን ይዛ ወደ ኋላ እየተራመደች፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወጡ። ቀድሜያቸው ሮጬ ስልክ የሚሠራበት ደርሼ የጠራኋቸው፣ በእኛ አገር ቁስለኛም የሚያነሱት የእሳት አደጋ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው መንገዱ መሀል ላይ ተቀበሏቸው።

አባ አናክሌ ሁለት ቀን አእምሯቸውን ስተው በሦስተኛው ቀን ነቁ። ፖሊሶች ሆስፒታል መጥተው ሲጠይቋቸው ፍሬኔ አልያዘልኝም ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ሶላንዥ ይህን ስትሰማ አበደች። እሷ ሽቦውን ጠቅልላ ልኳንዳዋ መንጠቆ ላይ ሰቅላዋለች፤ ለፖሊስ ልትወስደው ነው። እኔና እሷ ልንጠይቃቸው ገባን።

«አባ፣ ካህን ሆነው ይዋሻሉ?»

«አዎ፣ ማዳም ሶላንዥ። ሐሙስ እናዘዛለሁ።»

«ለምን? ለዚያ አሮጌ ከርከሮ ሲሉ?»

አባ በደህናው እጃቸው አንሶላውን አስተካከሉ። «እሁድ ቅዳሴ የሚመጡልኝ ሰባት ሰዎች ናቸው። አንዷ የኤቫሪስት ሚስት ናት። እሱን ካሳሰርኩት ስድስት ይቀሩኛል። ሁለቱ ደግሞ አይሰሙም።»

ሶላንዥ የያዘችውን ቋሊማ ትራስጌያቸው አስቀምጣ ወጣች።

በማግስቱ ኤቫሪስት ልኳንዳው ገባ። እኔ የተፈጨ ሥጋ ልገዛ ቆሜ ነበር። ሽቦውን መንጠቆው ላይ አየው። ነጭ ጨርቅ አስሬበት ነበር አለ። እሷ ቢላዋዋን ጠረገች። በእናቴ መቃብር እምላለሁ፣ አስሬበት ነበር አለ ደግሞ።

«አምንሃለሁ» አለችው። «ከአንተ ክፋት ይልቅ የሚገድለው ጅልነትህ ነው። ያኔም አሳማው ላይ እንዲሁ ነበር።»

ሰውየው ባርኔጣውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ አባ አናክሌን አልጠቀሰም፣ አርማን ብሎ ነው የጀመረው። ወንድሜ ሲሞት ከአንቺ ጋር ስለተጣላሁ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተመለስኩ፣ አልቀበርኩትም አለ። እሷ ይህን ታውቃለች፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሽቦውን ከመንጠቆው አውርዳ ቆሻሻ ውስጥ ከተተችና እጇን ታጠበች፤ ከዚያ የእኔን ሥጋ መመዘን ቀጠለች። እኔ በበኩሌ ያን ቀን ስንት ግራም እንደገዛሁ አላስታውስም።

አጣሪዋ ማዳም ፔሩዝ በቀጠሮዋ መጣች፤ ጡረታ የወጣች የመሬት ቀያሽ፣ አጭር፣ የላስቲክ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ፈገግታ የማታባክን ሴት ናት። ዢልቤር መግቢያውን ብቻ አሳይቶ ወደ ምሳ ሊወስዳት አስቦ ነበር። እሷ ግን አራቱን ኪሎ ሜትር በእግሯ ሄደች፤ ከንቲባውን አስከትላ፣ እኛንም ጭምር፣ ድልድዩን በሜትር ለክታ፣ የጎማ ዱካ ባየች ቁጥር እየጻፈች። ወፍጮ ቤቱ ፍርስራሽ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ኤቫሪስት ዞረች።

«ሙሲዬ ቫላድ፣ በማመልከቻዎ ላይ በዚህ መንገድ ሰው አያልፍም ብለዋል። ዛሬም እንደዚያ ይላሉ?»

ወንዙ ይሰማል። ዢልቤር ጫማውን ያያል። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን ሪፖርት ይዣለሁ፤ ተጎጂው በበቅሎው መንገድ እንደወጣ ቀንና ሰዓቱ ተጽፎበታል። ሳላወጣው ኤቫሪስት ተናገረ።

«ያልፋል» አለ። «እኔም አልፌበታለሁ። ቄስ ጭኜ።»

ማዳም ፔሩዝ ጻፈችው። ሌላ የምትጠይቀው አልነበራትም።

መንገዱ አልተሸጠም። ምክር ቤቱ ዘጠኝ ለሁለት ወሰነ፤ ዢልቤርም ከመጀመሪያው የመንገዱ ጠባቂ እሱ እንደነበር ለጋዜጣ ተናገረ፣ መግቢያው ላይ ስሙ ያለበት ሰሌዳም አቆመ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው በሰሌዳው ላይ አህያ ሣለበት። የሣለው እኔ የማውቀው የሥጋ ቤት እስክሪብቶ ነው፤ ለማጽዳት ትእዛዝ ደርሶኛል፣ ጊዜ አላገኘሁም።

የአባ አናክሌ ትከሻ ገጥሟል፤ ዝናብ ሲመጣ ይነግራቸዋል። ወደ ብስክሌቱ ለመመለስ ግን ዓመት ፈጀባቸው፤ ቁልቁለት ላይ አሁን የምር ይሳሳሉ፣ ሶላንዥም አትተነኩሳቸውም። ኤቫሪስት ከእኛ ጋር አይቀላቀልም፤ ብስክሌት የሚነዳ አዋቂ ሰው ጤነኛ አይደለም ብሎ ያምናል። ሆኖም አደን በሚኖርበት እሁድ ዋዜማውን ልኳንዳው ይገባና በየትኛው ወገን እንደሚተኮስ ይነግራታል። ሁለቱ ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው መስከረም ሶላንዥ ስድሳ ስድስት ዓመት ሞላት። ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሐኪሙ ለስድስት ወር እንዳትነዳ ከልክሏት ነበር፤ በአራተኛው ወር ሐኪሙ ራሱ እግር ጉዞ ሲያደርግ ድልድዩ ላይ አገኛት። ተፋጠጡ። እሷ ከኪሷ ቋሊማ አውጥታ ግማሹን ሰጠችው፤ ሰውየው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ በላና፣ ቢያንስ ሽቅቡን እየገፉ ይውጡት አላት። እሺ አለችው። ከዚያ ቁልቁል ወደ ወፍጮው ሄደች።